የጋሽ ጳውሎስ ድንች እና የቲሞቹ መደቦች

ልጆቹ አላስቀምጥ ብለውኛል። በተለይ የልጄ ልጅ ነጃት፣ ግብርና የምትማረው፣ ለዕረፍት በመጣች ቁጥር የምታነሳብኝ ይህንኑ ነው። «እማማ፣ ዘንድሮ ስለ ወላይታ ድንች ተማርን እኮ። እርስዎ ያኔ ተክለነው ነበር ሲሉ አልነበር? እስኪ ይንገሩን። አይ፣ ሲናገሩማ ግማሹን ይረሱታል፤ ይጻፉት» አለችኝ። ወንድሟ ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ ገዝቶ መጣ። ተገዝቶልኝማ እንዴት እንቢ እላለሁ?

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በዚያው በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ከእርሻ ጣቢያው መጋዘን ጥላ ሥር የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ ጽሕፈቴም እንደ ወሬዬ ነው፤ አንዱን ጀምሮ ወደ ሌላው ይሄዳል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ሸለብ ሲያደርገኝ ያለሁበትን ቤት እረሳዋለሁ፤ ያ ሰማያዊ አበባ ፊቴ ላይ ይዘረጋል፣ ንቦቹ ሲያንጎራጉሩ እሰማለሁ። ነጃት «እማማ፣ ተኙ እንዴ?» ትለኛለች። አልተኛሁም። ሥራ ላይ ነኝ።

ጣቢያው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ፣ ከሐረጎ ቁልቁለት ግርጌ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከላይ ይወርድና እርሻውን ይውጠዋል። ከጎኔ የምትኮተኩተውን ሴት ድምፅዋን እሰማለሁ እንጂ መልኳን አላይም። ዶማ መሬት ሲመታ ይሰማል፣ ሳል ይሰማል፣ አንዷ ለራሷ በነቢዩ ላይ ሰለዋት ስታወርድ ይሰማል። ከዚያ ፀሐይዋ በኮምቦልቻ በኩል ብቅ ስትል ጉሙ ቀስ እያለ ይገፈፋል፤ ሁላችንም ሩቅ አገር ቆይተን የተመለስን ይመስል እርስ በርስ እንተያያለን። ስንት ዓመት ሠርቼ የቀረኝ ትልቁ ነገር ይህ ጉም ነው ብል ሰው ይስቅብኛል።

የገባሁት በቀን ሠራተኝነት ነው። ባለቤቴ አሊ፣ አላህ ይርሐመውና፣ በሚሊሺያ ወደ ሰሜን ዘምቶ ነበር፤ እኔ ልጆች ይዤ ቀርቻለሁ። ምንዳዋ ትንሽ ናት፤ ደጋን ገበያ ወርዳ ጨውና በርበሬ ሆና ትመለሳለች። መጀመሪያ የሽንኩርት አረም ላይ ነበርኩ፤ ከዚያ ችግኝ ውሃ ማጠጣት፤ ከዚያ የበቆሎ ሙከራ። ኃላፊዎች መጡ፣ ኃላፊዎች ሄዱ። አንደኛው ጩኸት ይወዱ ነበር፤ ሌላኛው ከቢሯቸው የሚወጡት ደመወዝ ሲከፈል ነበር። የማልረሳቸው ግን ኃላፊ ያልነበሩ ሰው ናቸው።

ጋሽ ጳውሎስ ከወላይታ ተመድበው የመጡ የጣቢያው ቴክኒሻን ነበሩ። ረዘም ያሉ፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ መሬቱን እንዳያስደነግጡት የሚጠነቀቁ የሚመስሉ። ጴንጤ ናቸው ይባል ነበር። ያን ጊዜ የጴንጤዎች ጸሎት ቤት ስለተዘጋ ይህ ነገር በሹክሹክታ እንጂ ጮክ ተብሎ አይወራም። እሳቸውም አያነሱትም። ብቻ ሲሠሩ ከንፈራቸውን ገጥመው ያንጎራጉራሉ፤ ቃል የሌለው ዜማ ነው። እኛ ዙሁር ሲደርስ ከጣቢያው ዋንዛ ዛፍ ሥር ስንሰግድ እሳቸው ሥራውን አስቁመው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ማንም አዝዟቸው አይደለም።

ድንቹን ያመጡት ራሳቸው ናቸው። አገራቸው ደርሰው ሲመለሱ በደረቀ የእንሰት ቅጠል የተሸፈነ ቅርጫት ይዘው ከመኪና ወረዱ። ገልጠው ሲያሳዩን ጣት ጣት የሚያህሉ፣ ቀጫጭን፣ አንጓ አንጓ ያላቸው ነገሮች ናቸው። ከመካከላችን ፋጤ የምትባል ነበረች፤ የጣቢያው ጎረቤት፣ ፍየል አርቢ፣ ምላሷ የማያርፍ። አንዷን አንስታ አገላበጠቻት።

«ጋሼ፣ ይሄ ድንች ነው ወይስ የሕፃን ጣት?»

«ድንች ነው፣ ፋጤ። የወላይታ ድንች ይሉታል ሌላው ሰው።»

«እኛማ ምንም ብለነው አናውቅ፤ ዛሬ ገና ማየታችን። ስንቱ ቢበላ ነው የሚያጠግበው?»

«ተክለን እንየዋ።»

«እንትከለው ጋሼ። እስኪደርስ ግን ምሳችንን እንብላ!»

ሳቁ። ከዚያ ቁጢጥ ብለው ነገሩን። በአገራቸው ጎተራው ተራቁቶ እህሉ ገና ማሳ ላይ ሳለ፣ ሴቶቹ ጓሮ ወጥተው ይህን ይቆፍራሉ። ከመሬት ሥር ነውና አንበጣ አያገኘውም፣ በረዶ አይመታውም። ለዕለቱ የሚበቃውን አውጥቶ ሌላውን አፈር መልሶበት መተው ይቻላል። ግን ማንም ከቁጥር አያስገባውም። ከላይ የሚጠየቀው ስንዴና በቆሎ ነው፤ ይህ የድሃ ጓሮ ነው። «እናቴ እኛን ያሳደገችን በዚህ ነው» አሉ። «እዚህም ይበቅላል። ኩታበር፣ ደሴ ዙሪያ፣ በየሰው ጓሮ ገብቶ ባየው ሌላ አልፈልግም።»

የዚያን ጊዜው የጣቢያ ኃላፊ፣ ጓድ ኃላፊ እንላቸው ነበር፣ ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን ከክፍለ ሀገር የሚጠየቁት የስንዴ ምርጥ ዘር ነው፤ መሬቱ ደግሞ ያው አንድ ነው። እኛው እየሰማን ጋሽ ጳውሎስን እንዲህ አሏቸው፤ «አንድ ወቅት ሰጥቼሃለሁ። ይህ ነገር ማዳበሪያ ሲያገኝ የሚያፈራ መሆኑን በሚዛን ካሳየኸኝ፣ ዘሩን አባዝተን ለገበሬ ማኅበራት እናድላለን። ካላሳየኸኝ መሬቱ ለስንዴ ይታረሳል። አንተንም ወደፈለጉበት ይወስዱሃል፤ ያኔ እኔ አላድንህም።»

«ይበቃኛል፣ ጓድ» አሉ ጋሽ ጳውሎስ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሳቸው ነገር በዚያ ቁራጭ መሬት ላይ እንደተንጠለጠለ ሁላችንም አወቅን። ፋጤ እንኳ ቀልዷን ቀነሰች።

ተከላው ሚያዝያ ላይ፣ በልጉ መሬቱን ካራሰው በኋላ ነበር። እስኪ ስለ እጃቸው ልንገራችሁ። ዘሩን ከመንካታቸው በፊት ይታጠባሉ። ሰው ከአፈር ሲወጣ ይታጠባል እንጂ ወደ አፈር ሲገባ የሚታጠብ አይተን አናውቅም። ፋጤ «ጋሼ ዉዱ እያደረጉ ነው» ትላለች። ታጥበው አንዷን ድንች ያነሱና ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ይሰብሯታል። ቀጭ! ትላለች። «ሰማሽ ዘሀራ? ይህቺ ደህና ናት» ይሉኛል። ድምፅ ሳታሰማ የምትጎብጠውን ለብቻ ያስቀምጧታል። ቢላዋ አያስነኩም፤ በቢላዋ የተቆረጠው ይበሰብሳል፣ በእጅ የተሰበረው ግን ቁስሉን ራሱ ያደርቃል ይላሉ። የተሰበሩትን ጥላ ውስጥ ሣር ላይ ደርድረው ያሳድሯቸዋል። አይወረውሩም፤ እንቁላል እንደሚቀመጥ ነው የሚያስቀምጡት። በመደብ ላይ ተራምደው አያልፉም፤ የቱንም ያህል ቢርቅ ዞረው ይሄዳሉ። ሥራ ሲያሳዩንም ቆመው አያዙም። ከጎናችን ዝቅ ብለው፣ አንድ ጊዜ በራሳቸው እጅ ሠርተው፣ «እስኪ አንቺ» ብለው ይጠብቃሉ። ብታጠፊ አይቆጡም። መልሰው ይሠሩታል። እስክታይው ድረስ ይሠሩታል።

«ጋሼ፣ መስበሩ ለምንድን ነው? ሙሉውን ብንተክለው አይሻልም?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሙሉዋ ጫፏ ላይ ብቻ ታቆጠቁጣለች፤ ሌላው ዓይኗ ይተኛል። ስትሰብሪያት የተኛው ሁሉ ይነሳል።»

ይህን ቃል እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ሙከራው እንዲህ ነበር። አንዳንዱ መደብ ላይ ድንቹ ሙሉ ሙሉው ይተከላል። አንዳንዱ ላይ ለሁለት የተሰበረ። አንዳንዱ ላይ ለሦስት ተሰብሮ ስብርባሪው በአንድ ጉድጓድ ይገባል። ከእነዚህ ከያንዳንዳቸው ደግሞ ለአንዳንዱ የከብት ፍግ እንሰጣለን፤ ለአንዳንዱ ነጩን የፋብሪካ ማዳበሪያ እንሰጣለን። እያደልን እያደልን መጨረሻ ላይ ቅርጫት ይዘን የቆምንባቸው መደቦች ቀሩ።

«ለነዚህስ ጋሼ?»

«ለነሱ ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም። ከሰማይ ከሚወርደው በቀር።»

«ምን አጥፍተው?» አለች ፋጤ።

«ምንም አላጠፉም። የሌሎቹ ብዛት ከምኑ እንደመጣ እንድናውቅ ነው። ያልበላ ከሌለ፣ የበላው ምን እንደጠቀመው በምን ይታወቃል?»

«በሉኛ! የቀበሌ ካርድ የሌላቸው ናቸው!» አለች ፋጤ። ስኳርና ዘይት በቀበሌ ካርድ ተሰልፈን የምንወስድበት ዘመን ነበርና ሁላችንም በሳቅ ፈረስን።

ሀዋ ብቻ አልሳቀችም። ሀዋ የኩታበር ልጅ ናት። በዚያው ዓመት ልጇን በኩፍኝ ቀብራ፣ ባሏም ጥሏት፣ ኮምቦልቻ አክስቷ ዘንድ የተጠጋች ዝምተኛ ሴት ነበረች። መደቦቹን አየት አድርጋ «የቲሞች ናቸው» አለች። የቲም እኛ ጋ እናት አባት የሌለው ልጅ ነው። ስሙ በዚያው ጸደቀ። ሁላችንም የቲሞቹ ማለት ጀመርን፤ ውሎ አድሮ ጋሽ ጳውሎስም «ዘሀራ፣ እስኪ የቲሞቹን አርሚያቸው» ይሉኝ ነበር። ማረም ይፈቀዳል። ማብላት ነው የተከለከለው።

ክረምቱ ገባ። ያ ክረምት በሕልም የማየው ነው። ተክሉ ግንዱ አራት ማዕዘን፣ ቅጠሉ ጠጉራም ነው፤ ሲያሹት ሽታው እንደ ቅመም ያውዳል። ቀሚሳችን ያንን ይሸታል፤ ልጆቼ ማታ ሲያቅፉኝ ያንን ይሸቱ ነበር። ክንድ ሲያህል ጫፉን ቀንጥሱ ተባልን። ይህ ሲከብደን! በስንት መከራ ያደገውን ቀንጥሶ መጣል! ጋሽ ጳውሎስ «ወደ ላይ መሄዱን ትቶ ወደ ጎን ይሰፋል» አሉን። ከዚያ አፈሩን ከግራና ከቀኝ እየሳብን ግንዱን እናለብሰዋለን፤ በቁመቱ የተቀበረው ሁሉ ሥር ያወጣል፣ ከሥሩ ጫፍ ላይ ድንቹ ይቋጠራል። አንዴ አፈር ካለበሱ በኋላ ዘንግቶ መቀመጥ የለም፤ ዝናቡ በገፈፈው ቁጥር መልሶ ማልበስ ነው።

መደቦቹን ስናያቸው እንደ ሰው ናቸው። ነጩን ማዳበሪያ ያገኘው ቅጠሉ ጠቁሮ፣ ግንዱ ወፍሮ፣ መንገደኛ ሁሉ እሱን አይቶ ማሻአላህ ይላል። ጋሽ ጳውሎስ ግን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ «ቅጠል ነው። ድንቹ ቅጠል እያየ ሥራውን ረስቷል።» ፍግ ያገኘው ረጋ ብሎ ያድጋል። ሙሉውን የተተከለው አንድ ሁለት ግንድ ብቻ አውጥቶ ብቻውን ቆሟል፤ የተሰበረው በየጉድጓዱ ጥቅጥቅ ብሏል። የቲሞቹ ሰኔና ሐምሌ ላይ ገርጥተው፣ ከመሬት ከፍ ማለት አቅቷቸው ነበር። አንጀት ይበሉ ነበር። ፋጤ በአጠገባቸው ባለፈች ቁጥር «አብሽሩ፣ አይዟችሁ፣ አላህ ጀሊሉ አለ» ትላቸዋለች። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ግን ያዝ አደረጉ። እኔ የዝናቡ ነው አልኩ። ዝናቡ ያን ዓመት መልካም ነበርና።

መስከረም ላይ አበበ። ሰማያዊ ነው፣ ወይ ሐምራዊ ነው፤ ጉም ውስጥ ሲያዩት ሌላ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ሌላ። ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ንቦች ሞሉት። ጋሽ ጳውሎስ ጠዋት ጠዋት ዳር ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ያን ቃል የሌለውን ዜማ ያንጎራጉራሉ። አንድ ቀን «ዘሀራ፣ እናቴ አሁን ብታይ» አሉኝ።

ታኅሣሥ ላይ ግንዱ ሲደርቅ ቆፈርን። ሚዛኑ ዋንዛው ላይ ተሰቀለ። ጓድ ኃላፊ ከክፍለ ሀገር የመጡ ሁለት እንግዶች ይዘው ቆመዋል። እኛ በጣታችን አፈሩን እየገለጥን እንለቅማለን፤ እየለቀምን በየመደቡ ለይተን እናቀርባለን፤ ጋሽ ጳውሎስ ይመዝናሉ። ፍግ ያገኘው ስብርባሪ ሲመጣ ቅርጫቱ አልችል አለ። ያ የጠቆረው፣ ነጩን ማዳበሪያ የበላው፣ በጣም ያነሰ ሆነ። እሳቸው እንዳሉት ነው። ጓድ ኃላፊ ፈገግ ማለት ጀምረው ነበር።

ከዚያ የቲሞቹ ቀረቡ። የመጀመሪያው መደብ ሲመዘን ፍግ ካገኘው እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። ሁለተኛውም። ሦስተኛው እንዲያውም በለጠ። ጋሽ ጳውሎስ ፊታቸው ምንም አልተለወጠም። እንደ ቀድሞው ሰቀሉ፣ አዩ፣ አወረዱ። ቀስ ብለው። አንዷም ድንች እንዳትወድቅ እየተጠነቀቁ።

«ቆይ እስቲ» አሉ ጓድ ኃላፊ። «ያገኘውም ያላገኘውም እኩል ከሆነ፣ እኔ ለበላይ ምን ብዬ ነው የማቀርበው? ፍግ አደረግን አላደረግን ለውጥ የለውም ልበል?»

አንደኛው እንግዳ በጫማቸው አፈሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር አነሱ። ግማሹ የበሰበሰ የፍየል በጠጥ ነው። ሌላው የየቲሞቹ መደብ ላይ ሄዱ፤ እዚያም አለ። ከየቲሞቹ አንድም ያልተዳረሰ የለም።

«ሙከራው ላይ የፍየል ፍግ ነበረ?»

«አልነበረም» አሉ ጓድ ኃላፊ።

«እንግዲያው ይሄ አሻጥር ነው።»

ያን ጊዜ አሻጥር የሚለው ቃል እንደዛሬው ቀልድ አይደለም። ሰው በዚያች ቃል ታስሮ ይቀራል። ሁላችንም አቀረቀርን። እኔ ፍየል ያላት ፋጤ ብቻ መሆኗን አስቤ ወደ እሷ አየሁ። ያቺ ምላሷ የማያርፍ ሴት አፏ ተሳስሯል። ከወዲያ ዳር ሀዋ ብድግ ስትል አየሁ፤ ቁጢጥ ብላ ስትለቅም ውላ እግሯ የደነዘዘባት መሰለኝ።

«ማነው ይህን ያደረገው?» ጮኹ እንግዳው።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ጳውሎስ።

ዞር አሉ ሁሉም።

«በእጄ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹን አትጠይቋቸው።»

«አንተ? የገዛ ሙከራህን? ለምን?» አሉ ጓድ ኃላፊ። ድምፃቸው ከቁጣ ይልቅ ልመና ይመስል ነበር።

«የምሰጠው ምክንያት የለኝም፣ ጓድ።»

በቃ ይኸው ነው። አላሰሯቸውም፤ ጓድ ኃላፊ ያን ያህል ሸፈኗቸው መሰለኝ። ግን በሳምንቱ ወደ ቆላ፣ ወደ አንድ የመንግሥት እርሻ፣ ጥጥ እንዲቆጥሩ ተላኩ። የሄዱ ዕለት የጭነት መኪናው እየጠበቃቸው በየተራ ጠሩን። ለእያንዳንዳችን ከዘሩ አንዳንድ እፍኝ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡን። «ስበሩት። አትሳሱለት» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም። መኪናው ወደ ሐረጎ ሲወጣ ጉሙ ተቀበለው፤ ድምፁ ብቻ ትንሽ ቆየ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

በልግ ሲመጣ ትራክተር ገብቶ መሬቱን ለስንዴ ገለበጠው። የቀረው ድንች ወደ ላይ እየወጣ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ለገበሬ ማኅበራት አልታደለም። ማንም ስሙን አላነሳም።

ፋጤ ያን ሰሞን እንዲህ ትል ነበር፤ «ጴንጤ አይዋሽም ይሉ የለ? ለኛ ብለው ዋሹ እኮ! ወላሂ እኔ በዚያ ቀን ሞቼ ነው የተነሳሁ።» እኔ ደግሞ በሆዴ፣ ልታሳስሪያቸው የነበረውማ አንቺው ነበርሽ፣ እላለሁ። የሷ ፍየሎች፣ የሷ በጠጥ፣ የሷ «አብሽሩ»። አፍ አውጥቼ ጠይቄያት አላውቅም። እሷም ምንም አላለችኝ።

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ፤ የሰባ ሰባቱ። እሱን አልጽፈውም፤ ልጆቹም አይጠይቁኝም። ያ ድንች በየጓሮው ቢኖር ኖሮ ብዬ አንዳንዴ እቆዝማለሁ። ነጃት «እማማ፣ ዝናብ ከሌለ ድንችም የለም እኮ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ቢሆንም የሰው ሐሳብ ባቆሙት ቦታ አይቆምም። በዚያ ጊዜ ጣቢያው ሥራ አቆመና እኔ ደሴ ወጣሁ፤ ከጦሳ ተራራ ሥር ገደሉ ላይ ችግኝ እየተከልን፣ እርከን እየሠራን፣ ስንዴና ዘይት ይሰፈርልን ነበር። አሊም ከሰሜን ሳይመለስ ቀረ። ነገሩ ረገብ ሲል ወደ ጣቢያው ተመለስኩ፤ ቋሚ ሠራተኛ ሆንኩ፤ የችግኝ ጣቢያው ኃላፊነት እስኪሰጠኝ ድረስ ሠራሁ። መንግሥት ተለወጠ፤ ሚዛኑም ተለወጠ፤ ዋንዛው ተቆረጠ። እኔ እዚያው ጡረታ ወጣሁ።

ያቺን እፍኝ ግን አልበላኋትም። በክፉውም ቀን አልበላኋትም፤ በጣቢያው ጉሙ የማይለቀው ጥግ ላይ ተክያት፣ ከውሃ ማውረጃው ሥር፣ ጥቂቷ ተርፋ ኖረች። በኋላ ጓሮ ሲኖረኝ አበዛኋት። አንድ ዓመት ደግሞ እልህ ያዘኝና መደብ ሠራሁ፤ ሙሉውን፣ የተሰበረውን፣ ፍግ የበላውን፣ ያልበላውን። ያልበላውን በእውነት አላበላሁትም። አርሜ ብቻ አለፍኩት። ለሦስት ሰብሬ ፍግ የሰጠሁት አፈሩን ሰንጥቆ እስኪወጣ አፈራ። ሰብሬ ምንም ያልሰጠሁት ብዙ ግንድ አወጣ፣ ድንቹ ግን እንደ ምስር ቀጨጨ። ሙሉውን ተክዬ ያበላሁት ጥቂት፣ ግን ወፋፍራም ሰጠኝ። ለካ መስበሩ ብቻውን አይበቃም፣ ማብላቱም ብቻውን አይበቃም፤ የተነሳው ዓይን ሁሉ የሚበላው ይፈልጋል። ጋሽ ጳውሎስ በሚዛን ሊያሳዩ የፈለጉት ይህን ነበር። ያን ቀን ቅርጫቱን ታቅፌ ጓሮው ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ። ጎረቤቶቼ ዘር ወሰዱ፤ ዛሬ በኛ ሰፈር አጥር ሥር ሰማያዊ አበባ ይታያል።

ፋጤ የሞተችው እኔ ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ነው። ለተዕዚያ ቤቷ ስገባ አንዲት ያረጀች ሴት ጥግ ላይ የሙሰብሃ ዶቃ ትቆጥራለች። ሀዋ ናት! ከኩታበር ድረስ መጥታ። ስንት ዘመናችን! ተቃቅፈን አለቀስን፤ ከዚያ ስለ ጣቢያው ተነሳ። እኔ «ምስኪን ፋጤ፣ የየቲሞቹን ምስጢር ይዛው ሄደች» አልኳት።

ሀዋ ቀና ብላ አየችኝ። «የምን ምስጢር? ዘሀራ፣ ያበላኋቸው እኔ እኮ ነኝ።»

ሙሰብሃዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ለልጄ ሰደቃ የማወጣው አጣሁ። ለሰው የምሰጠው ፍርፋሪ እንኳ የለኝም። አርብ አርብ ሥራ ስንፈታ ከመንገድ የፋጤን ፍየሎች በጠጥ እየለቀምኩ በስሙ ለየቲሞቹ እሰጣለሁ። ሚዛንም ሙከራም አልታሰበኝ። ገሚሶቹን እንዳዳረስኩ ጋሽ ጳውሎስ ደረሱብኝ።»

«እና?»

«ነገርኳቸው። ፊታቸው አመድ ሆነ። መሬቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ቅርጫቱን ከእጄ ወሰዱ። ጋሼ ለምን ስላቸው ‹ግማሾቹ በልተው ግማሾቹ ጦማቸውን ሊያድሩ ነው?› አሉኝና አጎንብሰው የቀሩትን መደቦች በሙሉ እሳቸው አዳረሷቸው። ‹ሙከራው እንደሆነ ተበላሽቷል፤ ለማንም አትንገሪ› አሉኝ።»

ይህን ሁሉ ዓመት ለልጆቼም ለልጅ ልጆቼም፣ ለኛ ብለው ዋሹ እያልኩ ሳወራ ኖሬያለሁ። ጋሽ ጳውሎስ በዚያ ቀን ዋንዛው ሥር አልዋሹም። በእጄ የጨመርኩት እኔ ነኝ ያሉት እውነታቸውን ነበር።